አባቴ በየትኛው አውቶቡስ ነው የሚመጣው?

የልጅ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ የፍኖተ ሰላምን ባጃጆች በሙሉ ቁጥር ሰጥቷቸው ነበር። ከመናኸሪያ ወደ ገበያ የሚሄደው 1 ቁጥር፣ ወደ ሆስፒታል የሚሄደው 2 ቁጥር፣ ከከተማ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚዘልቀው 7 ቁጥር ነው። «3፣ 4፣ 5 እና 6 የት ሄዱ?» ብዬ ስጠይቀው «ወደፊት ይከፈታሉ» አለኝ። ነጂዎቹም ለምደውት «እኔ ዛሬ ስንት ቁጥር ነኝ?» ይሉት ነበር።

በሽታው የተጋባበት ከእኔ ነው። ከ1971 እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ አዲስ አበባ ውስጥ በአንበሳ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። ጡረታ ወጥቼ ወደ አገሬ ስመለስ ይዤ የመጣሁት ሀብት ቢኖር ወሬ ነው። ልጁ ወሬውን እንደ ተረት ጠጣው። የካ፣ ሸጎሌና መካኒሳ ያሉትን ዴፖዎች በዓይኑ ሳያያቸው በስም ይጠራቸዋል። ድርጅቱ በ1935 ዓ.ም. ጣሊያን ጥሏቸው በሄዱ ጥቂት መኪናዎች ሥራ እንደጀመረ የቀደሙት ሲያወሩ የሰማሁትን ነግሬው፣ ለክፍሉ ልጆች አስተምሯል። አያት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለልጅ ያልተገኘው ጊዜ ለልጅ ልጅ ሲሆን ይትረፈረፋል።

ይህን የማይወደው አባቱ ነው፤ ልጄ ማለት ነው። አስተማሪ ነው፤ ዝምተኛ። እኔና ልጁ ስለ አውቶቡስ ጨዋታ ስንጀምር ተነስቶ ይወጣል። አንድ ቀን ግን «ልጁን በአውቶቡስ አያሳብዱት» አለኝ። እኔን አንቱ ይለኛል። እናቱን አንቺ ነው የሚላት። በእኛ አገር አባትን አንቱ ማለት ያለ ስለሆነ፣ ለብዙ ዓመት ነገሩ አክብሮት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እንዴት እኖር እንደነበር ልንገራችሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እነሳለሁ። የሠራተኛ ሰርቪሱ በጨለማ ከየሰፈሩ ለቅሞ ዴፖ ያደርሰናል። ስምሪት ክፍል የዕለቱን መስመርና አውቶቡስ ይነግረናል፤ የትኬት ጥራዙን ቆጥሬ እረከባለሁ። ተሳፋሪ የሚገባው በኋላ በር ነው፤ እኔም እዚያው በሩ ሥር ባለችው ጠባብ መቀመጫ ታጥሬ እውላለሁ። ትኬት መቅደድ፣ መልስ መስጠት፣ «ወደ ፊት ጠጋ ጠጋ በሉ!» ማለት። የሳንቲሙ ዝገት ጣቴ ላይ ተጣብቆ በሳሙና አይለቅም ነበር። ማታ ሂሳብ አስረክባለሁ፤ የጎደለውን ከኪሴ እተካለሁ። በደርግ ጊዜ ደግሞ ሰዓት እላፊ ስላለ የመጨረሻው ጉዞ ላይ የሚሆነውን ግፊያ ያየ ያውቀዋል።

ባለቤቴ ከእናቴ ጋር ገጠር ነበረች፤ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ በስም የሚያውቃት መንኩሳ አጠገብ። መሬቱን የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር። በርበሬው የሚሸጠው ቡሬ ወጥቶ ነው፤ እሷ ነበረች የምታሸጠው። ልጃችን በ1975 ዓ.ም. ተወለደ። እኔ በዓመት አንድ ጊዜ አሥር ወይም አሥራ አምስት ቀን እመጣለሁ። በዓል በዓል ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ዘመዱ ስለሚሄድ አውቶቡሱ ሥራ ይበዛበታል። ማንም አስገድዶኝ አልነበረም። «በዓሉን ማን ይሠራል?» ሲባል ለትርፍ ሰዓቱ ክፍያ ብዬ እጄን የማወጣው እኔው ነበርኩ። ብሩን እልካለሁ፤ ለልጁ ልብስና ደብተር እልካለሁ። ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል ብዬ አስብ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ፣ ለግማሽ ዓመቱ የትምህርት ቤት እረፍት፣ ልጁን አዲስ አበባ ወስጄ ባቡሩን ላሳየው ቃል ገባሁ። ዓይኔ ስለደከመ አባቱ ብቻችንን ሊለቀን አልፈለገም፤ ፊቱን እንደቋጠረ አብሮን መጣ። (ዛሬ ሳስበው በጊዜው መሄዳችን ይገርመኛል። ከጥቂት ወራት በኋላ መንገዱ እንደ ልብ የማይኬድበት ሆነ።) ገና ሳይነጋ ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ተነሳን። ጅጋን፣ ደምበጫን፣ ደብረ ማርቆስን አልፈን ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ልጁ አንገቱን ከመስኮት አላነሳም። ከታች ሁለቱን ድልድዮች ጎን ለጎን ሲያያቸው «የአንተ የትኛው ነው?» አለኝ። አሮጌውን አሳየሁት። አዲሱ ዘግይቶ ነው የተከፈተው፤ እኔ በሥራ ዘመኔ ብዙውን የተመላለስኩት በአሮጌው ነበር።

ያረፍነው አያት አካባቢ፣ እህቴ ልጅ ቤት ነው። ቀላል ባቡሩ ሥራ የጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ስለሆነ እኔም ተሳፍሬበት አላውቅም ነበር። 34 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሐዲድ ነው። አረንጓዴው መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሰማያዊው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ይሄዳል፤ ሁለቱ ከስታዲየም እስከ ልደታ ድረስ በአንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ትኬቱ የሚገዛው ከመሳፈር በፊት በደጅ ነው፤ ባቡሩ ውስጥ እንደ እኔ በአንድ ቦታ ተቀምጦ የሚቆርጥ የለም። ትንሽ ቅር አለኝ። ልጁ ግን ደብተሩን አውጥቶ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ያሉትን ጣቢያዎች አንድ በአንድ ጻፋቸው፤ ሃያ ሁለት ሆኑ። መጨናነቁ የድሮውን አውቶቡስ አስታወሰኝ። አንዲት እናት ልጁን አዝነው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት፤ እሱ ግን በመስኮት እንዳይታየው ስለጋረዱት ተነስቶ ቆመ።

ስንመለስ ስታዲየም ላይ ወረድን። ልጁ «ሰማያዊውን ሳንሳፈር አንሄድም» አለ። ቆምን። አረንጓዴው መጥቶ ሄደ። ደግሞ መጥቶ ሄደ። ሰማያዊው የለም። ሥራ ሲጀመር 41 ባቡሮች ነበሩ፤ እኛ በሄድንበት ጊዜ ግን አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመው ስለነበር መጠበቁ ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ ነገር አልነበረም። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ልጄ አጥሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር።

«ሰው እንዲህ ቆሞ ሲጠብቅ ማየት አልወድም» አለ።

«ይመጣል» አልኩት፤ የትኬት ቆራጭ መልስ ነው።

ሳቅ አለና «እኔ እኮ እርስዎን እንዲህ ነበር የምጠብቅዎት» አለኝ። «እናቴ አባትህ አውቶቡስ ላይ ነው የሚሠራው ትለኝ ነበር። ከተማ ውስጥ ብቻ የሚዞር አውቶቡስ እንዳለ በምን አውቄ? መንኩሳ ላይ የሚያልፈው መሰለኛ። ከብቶቹን መንገድ ዳር ወዳለው ጉብታ እነዳቸዋለሁ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው የሚያልፈው ወደ ማታ ነው። አቧራው ሲነሳ ሮጬ እወርዳለሁ። አይቆሙም።»

ምን እንደምለው ጠፋኝ። «ስንት ጊዜ?» አልኩ፤ ሌላ ጥያቄ አልመጣልኝም።

«ሁለት ዓመት ይሆናል። ሰባትና ስምንት ዓመቴ ላይ። ምክንያት እሰጥዎት ነበር እኮ። ሰው ሞልቶባቸው ነው፣ ወይም መሽቶባቸው ነው እላለሁ። አንድ ጊዜ አንዱ ረዳት በበሩ ብቅ ብሎ እጁን አወዛወዘልኝ፤ ያን ቀን አየኝ ብዬ እራቴን አልበላሁም፤ ደስ ብሎኝ። በኋላ ቡሬ ትምህርት ቤት ስገባ የነጋዴ ልጅ ነው የነገረኝ። አባትህ የከተማ አውቶቡስ ላይ ነው፣ እሱ ከአዲስ አበባ አይወጣም አለኝ። ልጆቹ ሳቁ።»

ይህን ሁሉ የተናገረው እየሳቀ ነው። እኔ የማስበው 1982ን ነው፤ በዚያ ዓመት ገናንም ፋሲካንም ሠርቼ ለባለቤቴ ጥሩ ብር ልኬ ነበር፤ ኩራትም ተሰምቶኝ ነበር። ለልጅ ልጄ ሦስት ዴፖ በስም ሳስጠና፣ ለልጄ ግን የት እንደምሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልነገርኩትም። ለእረፍት ስመጣ ስለ ትምህርቱ እጠይቀዋለሁ፣ ስለ ከብቱ እጠይቀዋለሁ፤ እሱ ምን እንደሚያስብ ግን አልጠየቅሁትም። መቼም ወንድ ልጅ አይጠየቅም ብለን ነው ያደግነው።

የልጅ ልጄ ደብተሩን እንደያዘ ሲያዳምጥ ነበር። «አባዬ፣ የምትሮጥለት ስንት ቁጥር ነበር?» አለው።

«ቁጥር አልነበረውም» አለው አባቱ።

ሰማያዊው አልመጣም። ልጁ ደብተሩ ላይ ትልቅ 0 ጻፈ። ከጣቢያው ወርደን በእግር ወደ ለገሃር አመራን። ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለውን የአንበሳ ሐውልት ካየን በኋላ ወደ መገናኛ የሚሄድ አውቶቡስ ወረፋ ያዝን። እንደ ልማዴ የፊት ጎማውን አየሁ፣ የበሩን አከፋፈት አየሁ፤ ሰልፉን የሚያስይዘውን ሰው ደግሞ ጥሩ ይሠራል ብዬ በልቤ አመሰገንኩት። በኋላ በር ስንገባ ትኬት ቆራጯ ወጣት ሴት ነበረች። የቀድሞ ባልደረባዋ መሆኔን ስነግራት «ውይ አባቴ!» ብላ ከመቀመጫዋ ልትነሳልኝ ቃጣት። ትኬቱን ግን አስከፈለችን፤ ደግ አደረገች፤ እኔም ብሆን አስከፍል ነበር።

አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር ከእሷ አጠገብ ቆምን። ልጁ ትኬቱን ደብተሩ ውስጥ ሸጎጠ። ልጄ ብረቱን ይዞ ያቺን ጠባብ መቀመጫ፣ የሳንቲም መደርደሪያዋን፣ የተንጠለጠለውን የትኬት ጥራዝ ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየ። ካዛንቺስን ካለፍን በኋላ ነው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ያለው።

«እዚህ ነበር የምትቀመጠው?»

«ከዚህም ትጠብ ነበር» አልኩት።