መብራትህን ዝቅ አድርግ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሞተር ሳይክል መብራት ነው። ለስብከት መግቢያ ብዬ የፈለግሁት ምሳሌ አይደለም፤ የሰው እጅ የተሰበረበት ጉዳይ ነው። ጥፋቱም የእኔ ነው።

የማገለግለው ተጂ ነው። ከሰበታ ተነስታችሁ ተፍኪን አልፋችሁ ወደ ቱሉ ቦሎ ስትሄዱ፣ በበቾ ሜዳ ላይ ታገኙናላችሁ። ጤፍና ሽምብራ የሚበቅልበት ጥቁር መረሬ አፈር ነው። ክረምት አዋሽ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲተኛ በሞተር ወደ ገጠር መግባት አይታሰብም። ኅዳር ላይ መሬቱ ሲደርቅ የገጠር የቤት ኅብረቶቻችንን መዞር እጀምራለሁ። ገበሬው ቀን አጨዳ ላይ ስለሚውል ጸሎቱም የቃል ጥናቱም ማታ ነው። ስለዚህ ወደ ቤቴ የምመለሰው ሁልጊዜ በጨለማ ነው።

የሞተሬ የራሱ መብራት 35 ዋት ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ትሄዳላችሁ፤ በዚያ መብራት ጉድጓዱን የማየው ልገባበት ስል ነበር። ይህን የሰማ ውጭ አገር የሚኖር ወንድም ሁለት የኤልኢዲ መብራቶች ላከልኝ። የተሠሩት ኤቲቪ ለሚባለው ባለ አራት ጎማ ሞተር ነው። በዚያ አገር ሰዎች ሌሊት በበረሃና በጫካ ውስጥ ይነዱታል።

ተጂ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ወጣት አለ። ወደ እርሱ አልሄድሁም፤ ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ራሴ ገጠምኋቸው። መሪው ላይ ከፍ አድርጌ፣ ቀጥታ ወደ ፊት አዙሬ አሰርኋቸውና ገመዱን ከባትሪው በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ አሳለፍሁት። ማታ ሳበራቸው ሜዳው ቀን መሰለ። ጌታን አመሰገንሁ።

በዚያው ሳምንት በገበያ ቀን፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ግድም፣ ከፊቴ በፈረስ የሚጎተት ጋሪ መጣ። እኔ ሁሉንም አየሁ፤ ፈረሱን፣ የታጠፈውን ጆንያ፣ ሽማግሌውን፣ አጠገባቸው የተቀመጠውን ትንሽ ልጅ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ዓይናቸው ሲያነሡም አየሁ። እኔ ስላየኋቸው እርሳቸውም ያዩኝ መሰለኝ። ፈረሱ ደንብሮ ወደ ጎን ዘለለ፤ የጋሪው ጎማ ቦይ ውስጥ ገባ፤ ሽማግሌው ወደቁ። ልጁ ምንም አልሆነም። የእርሳቸው የቀኝ እጅ አንጓ ግን ተሰበረ።

ጤና ጣቢያ ወስጃቸው ተራ ስንጠብቅ ይቅርታ ለመንኋቸው። በአፋን ኦሮሞ የመለሱልኝ ቃል እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። «ልጄ፣ መብራትህ ለአንተ ቀን ሆነልህ። እኔን ግን ያችን የነበረችኝን ጨረቃ ነጠቀኝ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ዓይን ጨለማን ቀስ ብሎ ይለምዳል፤ ብሌኑ ይሰፋል። ኃይለኛ ብርሃን በድንገት ሲመታው ይጠባል፤ ብርሃኑ ካለፈ በኋላም እንደገና ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ሰውየው አያይም። በዕድሜ ለገፋ ሰው ደግሞ ይህ ጊዜ ይረዝማል። እነዚያ መብራቶች የታሰቡት ከፊት ለፊት ሰው ለማይመጣበት በረሃ ነው። የእኛ መንገድ ግን የእግረኛ፣ የጋሪና የከብት መንገድ ነው።

አሁን ወደዚያ ወጣት ልመለስ። ቀድሞ በቤተ ክርስቲያናችን ኪቦርድ ይጫወት ነበር። ወደ መጠጥ ተመልሷል ሲባል ሰማሁ። ቤቱ አልሄድሁም፤ አላነጋገርሁትም። እሑድ መድረክ ላይ ቆሜ ስለ «አንዳንድ አገልጋዮች» ሰበክሁ። ስም አልጠራሁም፤ ጉባኤው ግን ዞሮ ወደ ኪቦርዱ ተመለከተ። የተናገርሁት ሁሉ እውነት ነበር፤ ለእያንዳንዱም ጥቅስ ነበረኝ። ከዚያ እሑድ በኋላ አልመጣም። እኔም «ብርሃን ጠላ» ብዬ ፋይሉን ዘጋሁ። የጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ግን ገባኝ። ልጁ ብርሃንን አልጠላም፤ እኔ ነኝ ዓይኑ ላይ ያበራሁበት።

ነገረ መለኮት ኮሌጅ ስማር ማቴዎስ 5፥15ን በግሪክኛ አጥንቻለሁ። መብራት ተብሎ የተተረጎመው ቃል «ሉክኖስ» ነው፤ በወይራ ዘይት የሚነድ፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ኩራዝ። ከፍ ብሎ መቅረዝ ላይ የሚቀመጠው በቤቱ ላሉት ሁሉ እንዲያበራ ነው። ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፍሁ፤ ትምህርቱ ግን በሕይወቴ አላለፈም። መብራት ለሰው ይበራለታል። እኔ በሰው ላይ አበራሁበት። በ«ለት» እና በ«በት» መካከል ያለውን ልዩነት ለመማር የአንድ ሽማግሌ እጅ መሰበር ነበረበት?

«ታዲያ ኃጢአት አይገለጥ?» ትሉኝ ይሆናል። ይገለጣል። ጌታ ግን መንገዱን አሳይቶናል። ወንድምህ ቢበድል መጀመሪያ ሂድ፤ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ተነጋገሩ ብሎ አስተማረ (ማቴዎስ 18፥15)። ሳውልን ተመልከቱት። በደማስቆ መንገድ ላይ የሰማይ ብርሃን ጣለው፤ ሦስት ቀንም አላየም። ጌታ ግን በዚያ አልተወውም። ሐናንያን ላከለት፤ ሐናንያም ገብቶ እጁን ጫነበት፤ ወንድሜ ብሎም ጠራው (ሐዋርያት ሥራ 9)። እኔ ብርሃኑን አበራሁ እንጂ ሐናንያ ሆኜ ቤቱ አልገባሁም።

በማግስቱ ወደ ሥራ ቦታው ሄድሁ። ስለ መብራቱ አላነሣሁም። «ያን እሑድ በድዬሃለሁ። መጀመሪያ ወደ አንተ መምጣት ነበረብኝ። ይቅር በለኝ» አልሁት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ሞተሬን አየና «ፓስተር፣ ይህን ማን ነው የገጠመልዎት?» አለኝ። «እኔ» ስለው ሳቀ።

መብራቶቹን ከመሪው አውርዶ ከዋናው መብራት በታች፣ ከአሞርዛተሩ ግራና ቀኝ አሰራቸው። እያንዳንዳቸው 20 ዋት ናቸው፤ ሁለቱ በ12 ቮልት ከ3 አምፔር በላይ ይስባሉ። ስለዚህ ከባትሪው በሚመጣው ገመድ ላይ ፊውዝና ሪሌ አስገባ፤ ሪሌውን የሚያዘውን ሽቦ ደግሞ ከረጅሙ መብራት ላይ ወሰደ። አሁን ረጅሙን ሳበራ አብረው ይበራሉ። ሰው ሲመጣ ወደ አጭሩ ስመልስ አብረው ይጠፋሉ፤ ሥራው የአንድ ጣት ነው። ሲመሽ ሞተሩን ከግድግዳ 5 ሜትር አርቆ አቆመና እኔን አስቀመጠኝ። የመብራቶቹን ከፍታ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ የብርሃኑ የላይኛው ጫፍ ከምልክቱ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ቡሎኑን አጠበቀ። «መንገዱ ላይ ያብሩ እንጂ ሰው ዓይን ላይ አያብሩ፣ ፓስተር» አለኝ። በዚያ ምሽት ሰባኪው እርሱ ነበር።

የሽማግሌው እጅ እየዳነ ነው። የሕክምናውን ከፈልሁ፤ የቀረውን ጤፋቸውን ከወጣቶቻችን ጋር አጨድንላቸው። ያም ቢሆን እጃቸው ሲበርዳቸው እንደሚያማቸው ነግረውኛል። ወጣቱ እሑድ ገና አልመጣም። ሻይ ግን አብረን እንጠጣለን። አንድ ቀን ስለ መጠጡ ራሱ አንሥቶ አጫወተኝ፤ እኔም አብዛኛውን ጊዜ ሰማሁት።

ወዳጄ ሆይ፣ ምናልባት ይህን የምታነብበው በእኛ በአማኞች ብርሃን ዓይንህ ተመትቶ ከመንገድ ዳር የወደቅህ ትሆናለህ። እባክህ በእኛ አያያዝ ምክንያት ብርሃኑን አትፍራው። የዓለም ብርሃን የሆነው ጌታ ሲመጣ ዝቅ ብሎ ነው የመጣው፤ የባሪያን መልክ ይዞ፣ በግርግም ተኝቶ፣ ከእኛ ጋር በእግሩ እየሄደ (ፊልጵስዩስ 2፥7)። ያንን ብርሃን ፊት ለፊት ማየት ትችላለህ።

አማኝ የሆናችሁ ወገኖቼ ደግሞ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ጸልዩ፦ የያዝሁት እውነት ለማን እየበራለት ነው? በማንስ ላይ እየበራበት ነው? መልሱ አንድ ስም ካመጣላችሁ፣ ከእሑድ በፊት የዚያን ሰው በር አንኳኩ።

ጌታ ሆይ፣ ብርሃንህን ስለሰጠኸን እናመሰግንሃለን። በእርሱ ያቆሰልናቸውን ፈውስ። ከፊታችን የሚመጣውን ሰው የምናይበት ልብ፣ ዝቅ የምናደርግበትም እጅ ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።