ሳይሰክሩ በዓል ስለ ማክበር



ከገናና ከጥምቀት ዕረፍት ከተመለስን ወዲህ ጓደኞቻችን «በዓል እንዴት ነበር?» ይሉናል። «ሳንሰክር አከበርን» ስንላቸው ይስቃሉ። እኛ ማለት ከዳባትና ከደባርቅ የመጣን፣ አንድ ክፍል የምናድር ሦስት ዕጩ መምህራን ነን። ሳቁ ስለ በዛብን ነገሩን ከነምክንያቱ በዚህ ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ተገደናል።

አገሩን ለማያውቅ ጥቂት እንበል። ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚደርሰው መንገድ ወደ ደጋ የሚወጣ ነው። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ምድሩ የገብስ ምድር ነው። ገብሱ እንጀራ ይሆናል፣ ቆሎ ይሆናል፣ በሶ ይሆናል፤ በዓል ሲደርስ ደግሞ ጠላና ኮረፌ ይሆናል። ኮረፌን ከሌላ አገር የመጡ ጓደኞቻችን አያውቁትም። ከገብስ፣ ከብቅልና ከጌሾ የሚጠመቅ፣ ወፈር ያለ፣ አረፋው ጢም ላይ የሚቀር መጠጥ ነው። ጠላውስ ይሁን፤ ጉዱ ያለው አረቄው ላይ ነው። ዳግም አረቄ ከ40 በመቶ በላይ አልኮል ሊኖረው ይችላል።

በዓሉም ባንድ ቀን አያልቅም። ከገና፣ ከታኅሣሥ 29 ጀምሮ እስከ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ድረስ ሁለት ሳምንት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የጥር ሠርግ ይከተላል። ለእኛ በዚህ ሰሞን ከመጠጡ ይልቅ የሚከብደን የሰጪው እጅ ነው። ባለቤቲቱ ጠላውን ከማቅረቧ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ በዚህ ቤት ክፉ ነገር የለም ማለቷ ነው። እንዲህ ተቀምሶ የቀረበን ዋንጫ መመለስ እጇን መመለስ ይሆናል። ከተቀበሉት ደግሞ ፉት ባሉ ቁጥር ይሞላል፤ ስለዚህ ስንት እንደ ጠጡ መቁጠር አይቻልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። ከሦስታችን 21 የሞላው የለም። ታዲያ ምን ዋጋ አለው! አዋጁ የሚናገረው ስለ ሻጭ ነው፤ «በሞቴ» ስለምትል አክስት ምንም አይልም።

ዓምና ከመካከላችን አንዱ የከተራ ዕለት እቤቱ ጠላ፣ ጎረቤት ኮረፌ፣ ማታ ከጓደኞች ጋር አረቄ ጠጣ። እኛም አብረን ነበርን፤ እንዲያውም መለኪያውን ያቀበልነው እኛ ነን። ታቦቱ ካደረበት ወደ ቤት ሲመለስ ሞቀኝ ብሎ ጋቢውን ጣለና አንድ ካብ ሥር ተቀመጠ። እኛ ደግሞ ደርሷል ብለን ተኛን። ሌሊት ለቅዳሴ የሚሄዱ ሰዎች ደርቆ አገኙት። እናቱ እጁን ብብቷ ውስጥ አድርጋ እያለቀሰች አሞቀችው። ሰውየው ተረፈ፤ ሁለት ጣቶቹ ግን ዛሬም በጧት ጠመኔ ሲይዙ ይደነዝዛሉ።

በአገራችን አረቄ ብርድ ያባርራል ይባላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ሙቅ ደም ወደ ቆዳ ሲመጣ ሰውየው የሞቀው ይመስለዋል፤ ሙቀቱ ግን ከሰውነቱ ወደ ውጭ እየወጣ ነው። በዚያ ላይ ቤቱ የት እንዳለ ይጠፋዋል።

ስለሆነም ዘንድሮ ላንጠጣ ተማማልን። መሐላው የቆየው እስከ ገና ዕለት ቀትር ነው። ዳባት አክስታችን ቤት ገባን። «አንጠጣም» ስንል ክፉኛ ደነገጠች። «ምን አጠፋሁ? ጌሾው መረራችሁ? በሞቴ፣ አንዲት ብቻ!» አለች። ከመካከላችን አንዱ ሁለት ዋንጫ ኮረፌ ጠጣ። ማን እንደ ሆነ አንናገርም።

ከዚያ በኋላ ዘዴ ለወጥን። ደባርቅ ስንደርስ የዚያን የጓደኛችንን እናት አስቀድመን አማከርናት። እሷ ብዙ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ማሩን በውኃ በጥብጣ፣ ሳይፈላ ብርዝ አድርጋ በጠላው ዋንጫ አቀረበችልን። ለጎረቤት ሁሉ ደግሞ «ልጆቹ መድኃኒት ይዘዋል» ብላ አስወራች። ይህ ውሸት ነው። ነገ ልጆችን አትዋሹ ልንል የምንሠለጥን ሰዎች በዚህ ላይ አንድ ሌሊት ሙሉ ተከራከርን፤ እስካሁንም አልተስማማንም። ቢሆንም ጥምቀትን ያሻገረን እሱ ነው።

ቃና ዘገሊላ ዕለት ግን አንድ አያ የምንላቸው ጎረቤት ያዙን። «ዛሬ እኮ ጌታ ውኃውን ወይን ያደረገበት ቀን ነው፤ እናንተ ደግሞ ጠላዬን ውኃ አድርጉልን ልትሉኝ ነው? የምን መድኃኒት ነው ለሦስት ሰው ባንድ ጊዜ?» አሉን። ቤቱ በሳቅ ሞላ። መልስ አጣን። ጓደኛችን ተነሣና ሁለቱን ጣቶቹን አሳያቸው።

«ብርድ ነው እንዲህ ያረገህ? እዚሁ ተወልደህ?» አሉት።

«አረቄው ነው፣ አያ። መድኃኒትም የለም፤ ውሸት ነው» አላቸው።

አያ ዝም አሉ። እናቱ አቀርቅራ መሬት መሬት ታያለች። በመጨረሻ «ያንን ብርዝ አምጡ» አሉ። ከዋንጫው መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱና በሁለት እጃቸው ሰጡት።