ሙታን የሚጠሩበት ሰሞን

፩
ሜክሲኮዎች ሙታን በዓመት አንዴ ወደ ቤታቸው ይመጣሉ ይላሉ። ኖቬምበር 1 ሕፃናቱ፣ በማግሥቱ አዋቂዎቹ። በእኛ ብዙ ጊዜ ጥቅምት 22 እና 23 ላይ ይውላል። ጠረጴዛ ይሰናዳል። ፎቶ፣ ሻማ፣ ዳቦ፣ ጨው፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይቀመጣል። ውኃው መንገድ ያደከመው ሟች ጥሙን እንዲቆርጥበት ነው። በሕይወት ሳለ ሲጋራ ተው ሲባል ለኖረ አጫሽ ሲጋራው ይቀርብለታል።

፪
በሜክሲኮ ሲቲ ጎዳናዎች ላይ የሚካሄደው ታላቅ የሙታን ቀን ሰልፍ የጥንት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የተጀመረው በ2016 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ2015 የወጣ የጄምስ ቦንድ ፊልም በከተማዋ ያልነበረ ሰልፍ አሳየ። በዓመቱ ከተማዋ ሰልፉን አደረገችው።

ዩኔስኮ በ2008 የመዘገበው ሰልፉን ሳይሆን የነባር ሕዝቦችን በዓል ነው።

፫
ትልቅ ባርኔጣ ያደረገችው የሴት አፅም የበዓሉ መለያ ሆናለች። የሣላት ኾሴ ጓዳሉፔ ፖሳዳ ነው። የሣላት በትውልዳቸው አፍረው እንደ አውሮፓውያን ለመታየት የሚጥሩትን ለመንቀፍ ነበር። ዛሬ ሰዉ ለክብር ፊቱን እሷን አስመስሎ ይቀባል።

ፖሳዳ በ1913 በድህነት ሞተ። የተቀበረው በድሆች መቃብር ነው። ከዓመታት በኋላ አፅሙን የሚጠይቅ ዘመድ ስላልመጣ ከሌሎች አፅሞች ጋር በጅምላ ጉድጓድ ተጣለ። በ1947 ሠዓሊው ዲዬጎ ሪቬራ በግድግዳ ሥዕሉ ላይ ፖሳዳንና ባለ ባርኔጣዋን አፅም ጎን ለጎን አቆማቸው።

፬
በሜክሲኮ ካምፔቼ ግዛት ውስጥ ፖሙች የምትባል የማያ ሕዝብ ከተማ አለች። ሰው ከተቀበረ ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ አፅሙ ወጥቶ በእንጨት ሣጥን ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ በዓሉ ሲቃረብ ቤተሰቡ ሄዶ ያጸዳዋል። አጥንቱን አንድ በአንድ ያወጣሉ። አቧራውን በብሩሽ ያራግፋሉ። ሣጥኑ ውስጥ የተነጠፈው ያደፈ ጨርቅ ይነሣና በእጅ የተጠለፈ አዲስ ጨርቅ ይነጠፋል። አጥንቱ ተመልሶ ይደረደራል፤ የራስ ቅሉ ከላይ ይሆናል። ክዳኑ ገርበብ ብሎ ይቀራል። ጨርቁን ልብሱ ነው ይሉታል። ልብስ ቀየርንለት ይላሉ። እያጸዱ ያወሩታል፤ የቤቱን ወሬ ይነግሩታል።

ጊዜ ያጣ ወይም አንጀቱ ያልቻለ ለመቃብር ሠራተኛው ከፍሎ ያሠራል። እኔ አልፈርድበትም። የገዛ እናትን አፅም በእጅ መያዝ ቀላል አይደለም።

፭
ላ ፓዝ፣ ቦሊቪያ፣ ኖቬምበር 8። የራስ ቅል በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። አብዛኛው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ስም ያወጡለታል። በዚህ ቀን የአበባ አክሊል ደፍተውለት፣ ሲጋራ አጉርሰውት ወደ ትልቁ መካነ መቃብር ይዘውት ይሄዳሉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ልማዱን አትደግፍም። እነሱ ግን ቡራኬ የሚፈልጉት ከእሷው ነው።

፮
ሜክሲኮ ውስጥ በመንግሥት መዝገብ የሰፈሩ የጠፉ ሰዎች ቁጥር በ2022 ከ100,000 አለፈ። የጠፋ ልጃቸውን ፎቶ በበዓሉ ጠረጴዛ ላይ ከሟቾች ጋር የማያስቀምጡ እናቶች አሉ። ማስቀመጥ ሞቱን ማመን ነው ይላሉ።

አካፋና የብረት ዘንግ ይዘው መሬት የሚቆፍሩም እናቶች አሉ። ዘንጉን መሬት ውስጥ ይሰኩታል፣ ያወጡታል፣ ጫፉን ያሸታሉ። የሬሳ ጠረን ካለው ይቆፍራሉ። ይህ የእናት ሥራ መሆን አልነበረበትም። ፍለጋው የመንግሥት ግዴታ ነው። በመንግሥት እጅ ደግሞ ማንነታቸው ያልተለየ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አስከሬኖች አሉ።