ነጠብጣቡ ከጠፋ በኋላ

ክላውን ሎች የሚባለው ዓሣ ሲተኛ ሰው ያስደነግጣል። በጎኑ ተጋድሞ ወይም በሁለት ድንጋዮች መካከል ተወሽቆ ሲታይ ያለቀለት ይመስላል፤ ባለቤቱ አዝኖ እጁን ሲሰድ ተስፈንጥሮ ያመልጣል። ሕመሙን ለመለየት ቀድሞ ጤናውን ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጤነኛው ሎች ብርቱካናማ ገላው በሦስት ጥቋቁር ቀለበቶች የደመቀ ነው፤ ምግብ ሲያገኝ ከአኳሪየሙ ውጭ የሚሰማ የጠቅታ ድምፅ ያሰማል፤ ከመሰሎቹ ጋር ተደራርቦ መዋልም ይወዳል። ቀለሙ ሲደበዝዝ፣ ጎኑን ከድንጋይ ጋር ሲያሽ፣ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ትንፋሹ ሲፋጠን ግን አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ብቅ ይላሉ። በጥቁሩ ቀለበት ላይ ጎልተው ስለሚታዩ ዓይን መጀመሪያ ማረፍ ያለበት እዚያ ላይ ነው።

ዓሣ አሳዳጊዎች በሽታውን ኢክ ይሉታል። አምጪው ኢክትዮፍቲሪየስ መልቲፊሊስ የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስ ነው።

በአንድ አኳሪየም ውስጥ ካሉት ዓሦች መካከል ሎቹ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታመመው ያለ ምክንያት አይደለም። ቅርፊቱ ደቃቅና ከቆዳው ሥር የተቀበረ ነው። የትውልድ አገሩ የሱማትራና የቦርኒዮ ወንዞች ናቸው፤ ለሳይንስ ያስተዋወቀውም በደች ጦር ውስጥ በሐኪምነት ያገለግል የነበረው ፒተር ብሌከር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1852። ዛሬም ከእነዚያ ወንዞች የሚያዘው ብዙ ነው፤ በላስቲክ ታሽጎ አገር ለአገር ሲንከራተት የመከላከል አቅሙ ይደክማል።

አብዛኛው አሳዳጊ የሚሳሳተው ስለ ነጠብጣቡ ባለው ግንዛቤ ነው። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ቆዳ ሥር ገብቶ የሚመገብ አንድ ተሕዋስ ነው፤ እዚያ እስካለ ድረስ ውሃ ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት አይደርስበትም። ጠግቦ ሲያድግ ከዓሣው ይለቅና ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ራሱን በሽፋን ጠቅልሎ እየተከፋፈለ በመቶዎች፣ አንዳንዴም እስከ ሺህ ይባዛል። ልጆቹ ሽፋኑን ቀደው ወጥተው ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ፤ በሁለት ቀን ገደማ ካላገኙ ይሞታሉ። መድኃኒት የሚገድላቸው በዚህች አጭር ጉዞ ላይ ብቻ ነው። እንግዲህ ዓሣው የጸዳበት ቀን አደጋው ወለሉ ላይ የተከማቸበት ቀን ሊሆን ይችላል። በዚያን ቀን ሕክምናውን የሚያቋርጥ ሰው፣ ትኩሳቱ በረደልኝ ብሎ ኪኒኑን እንደሚተው በሽተኛ ነው። የመጨረሻው ነጠብጣብ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ቢቻል ሁለት፣ መቀጠል ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የሚነካው ማሞቂያው ነው። ውሃው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ቀስ እያለ ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ የተሕዋሱ ዑደት ይፋጠናል፤ ቶሎ ከቆዳ ይወጣል፣ ቶሎም ለመድኃኒት ይጋለጣል። ሎቹ የሐሩር አገር ዓሣ በመሆኑ ይህን ሙቀት ይችለዋል። ነገር ግን በ20 ዲግሪ 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን የሚይዝ አንድ ሊትር ውሃ፣ በ30 ዲግሪ የሚይዘው 7.5 ያህል ነው። ስንጥቡ በተሕዋስ ለተጠቃ ዓሣ ይህች ልዩነት ከባድ ናትና የአየር ፓምፑ ሌት ተቀን መሥራት አለበት።

ማላካይት ግሪንና ፎርማሊን የታወቁ መድኃኒቶች ናቸው፤ ሎች ግን መድኃኒት ብዙ አይችልም፤ ለዚህም ብዙዎች በግማሽ መጠን ይጀምራሉ። ለሰው ምግብ በሚረቡ ዓሦች ላይ ማላካይት ግሪን በአውሮፓና በአሜሪካ የተከለከለ ነው፤ በባዶ እጅ መንካቱም አይመከርም። ማጣሪያው ውስጥ ከሰል ካለ መውጣት አለበት፤ መድኃኒቱን መጥጦ ያስቀረዋል። ከሁሉም ግን ወለሉን በየጊዜው በጎማ እየሳቡ ማጽዳትና ክሎሪኑ በተወገደለት፣ ሙቀቱ በተመጣጠነ ውሃ መተካት ይበልጣል። ብዙው የተሕዋስ ዘር ያለው እዚያው አሸዋ ውስጥ ነው።

ዓሣውን ወደ ሌላ ዕቃ ማዛወር ካስፈለገም በመረብ ባይሆን ይመረጣል። ከዓይኑ ሥር የሚዘረጋ ሹል እሾህ አለው፤ ሲደነግጥ ያወጣውና መረቡ ላይ ይጠላለፋል። ሲያስለቅቁት ይቆስላል። በላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን ከነውሃው መቅዳት ይሻላል።

ኢኩ ለቆት፣ እየበላም የሚከሳ ሎች አለ። ጀርባው እንደ ስለት ከሾለ የሆድ ውስጥ ጥገኛ ተሕዋስ ይጠረጠራል፤ ያ ሌላ ሕክምና ነው። ሁለቱንም በር ላይ ለማስቀረት አዲስ የተገዛ ሎች ወደ ነባሮቹ ከመግባቱ በፊት በሌላ አነስተኛ አኳሪየም አንድ ወር ያህል ይቆያል፤ ብቻውን እንዳይከፋው ከመሰሎቹ ጋር አብሮ ቢገዛ፣ መደበቂያም ቢደረግለት፣ ምግቡን ሳይሳቀቅ ይበላል።