የእማዬ የሌሊት እንግዶች

እኛ አገር በረዶ ሲመጣ ይሰማል። ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ልጆችን እያስጮኸ፣ የጓሮውን ጎመን እየቀደደ ነው የሚመጣው። የሚኒሶታ በረዶ ግን ድምፅ የለውም። ማታ ተኝታችሁ ጠዋት መጋረጃውን ስትገልጡ መኪናው የለም፣ አጥሩ የለም፣ ደረጃው የለም። አንድም ነገር ሳይሰበር ሁሉም ተውጧል።

እህቴ የምትኖረው በአሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል፣ ከዱሉት ከተማ አርባ ደቂቃ ያህል በመኪና በሚያስኬድ ገጠር ውስጥ ነው። ሚኒሶታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው የአገራችን ሰው የሚበዛባቸውን ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖልን ነው። ዱሉት ከእነሱ ወደ ሰሜን 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ሱፒሪየር ሐይቅ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። ሐይቁ 82,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ጣናን ከሃያ ጊዜ በላይ ይውጠዋል ማለት ነው። የእህቴ ባለቤት እዚያ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነው። ቤታቸው ከአስፋልቱ 300 ሜትር ያህል ገባ ብሎ ጫካ መሃል የቆመ የእንጨት ቤት ሲሆን፣ የቅርቡ ጎረቤት መብራት በዛፎቹ መካከል እንደ ኮከብ ነው የሚታየው።

እማዬ የልጅ ልጇን ልትይዝ የሄደችው ሰኔ ላይ ነበር። በጋቸውን ወደደችው። ኅዳር ሲገባ ግን የስልክ ወሬያችን ተቀየረ። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ እህቴ ደውላ፣ «አገሬ መልሱኝ እያለች ነው። እኔ ስነግራት አትሰማም፤ አንቺ መጥተሽ እስከ ፀደይ እንድትቆይ ለምኚልኝ» አለችኝ። የዓመት ፈቃዴን አወጣሁና ሄድኩ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ሰው ያላሰበውን ነገር እንዲፈልግ ማድረግ እንጀራዬ ስለሆነ እናቴን ማሳመን ይከብደኛል ብዬ አልጠረጠርኩም።

ለዚህ ጉዞ የሚያስቡ ካሉ አንድ ምክር ልስጥ። ክረምት ጫማ ከአዲስ አበባ ገዝታችሁ አትሂዱ። እኔ ውድ ቡትስ ገዝቼ ሄጄ ከመኪናው እስከ በሩ ባለችው መንገድ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ከውስጥ የሱፍ ልብስ፣ ከላይ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ጫማውን ደግሞ እዚያው። ጥጥ ላብ ይዞ ይቀራል፤ ያኔ ብርዱ ከልብሱ ውስጥ ይጀምራል። በደረስኩ ማግስት ከዜሮ በታች 24 ዲግሪ ነበር። በአፍንጫዬ አየር ስስብ የአፍንጫዬ ፀጉር ሲደርቅ ተሰማኝ፤ እውነቴን ነው።

በዚያ ወቅት ፀሐይ የምትወጣው ወደ ጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ የምትገባው ደግሞ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው። እራት ሳይቀርብ ሌሊት ይሆናል። ግን ጨለማ አይደለም። ጨረቃ ካለች በረዶው ብርሃኗን መልሶ ይረጨዋል፤ የዛፎቹ ጥላ መሬት ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አዲስ የወረደ በረዶ ድምፅን ስለሚመጥ ዝምታው ጆሮ ይሞላል።

የመጀመሪያው ማታ እማዬ ከ2 ሰዓት በኋላ የሳሎኑን መብራት አጠፋችና በጣቷ ጠራችኝ። ጋቢዋን ደርባ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። «ዝም በይ፤ መጡ» አለች።

ከጫካው ጫፍ አንድ ጥላ ተነቀለ። ቀጥሎ ሌላ። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ነጭ ጭራ የሚባሉት አጋዘኖች ናቸው። እግራቸውን ከፍ እያደረጉ፣ በየሁለት እርምጃው ቆም እያሉ፣ ጆሯቸውን እያዞሩ መጡ። ከመስኮቱ አሥር ሜትር ያህል ርቆ አንድ ሳፋ ተቀምጧል። ሳፋው ውስጥ የበቆሎ ፍሬና የተረፈ ዳቦ ነበር። ፊተኛዋ አጋዘን አንገቷን ስትሰብር ከአፍንጫዋ የሚወጣው ትንፋሽ እንደ ጭስ ታየኝ።

«ያቺ ባልቴቷ ናት» አለች እማዬ። «ጆሮዋ የተቀደደው ተንኮለኛዋ ናት፣ ታናናሾቿን ትገፋለች። ያ ባለ አንድ ቀንዱ ጎረምሳ ነው። ሌላውን ቀንዱን ማክሰኞ ጣለው።»

ይህ ቀንድ የመጣል ነገር ለእኔ አዲስ ነበር። እኛ አገር አጋዘን የምንለው እንስሳ ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ይዞ ነው የሚኖረው። የእነሱ ወንድ ግን በየክረምቱ ይጥለዋል፤ ፀደይ ላይ እንደገና ማብቀል ይጀምራል። እማዬ የሚኒሶታን እንስሳ ያጠናችው በራሷ ዘዴ ነው። ጠዋት ጠዋት ዱካቸውን ታያለች። «ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ሲተኛም ያመሰኳል። የሚበላ እንስሳ ነው» ብላ ሳቀች። «ጾም ባይሆን ኖሮ ለአንዱ አዝንለት ነበር።» ጾመ ነቢያት ነበርና።

ከጫካው በስተጀርባ ድንገት ጩኸት ተነሣ፤ ቀጭን፣ እርስ በርሱ የሚቀባበል። ክንዷን ያዝኩ። «ኮዮቲ ይሉታል» አለችኝ እየተረጋጋች። «ተኩላ ቢጤ ነው። መጀመሪያ ስሰማ ጅብ መስሎኝ በሩን በሁለት ቁልፍ ዘጋሁት። ከጅብ ጋር ሲወዳደር ሕፃን ነው።» መንዝ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት፤ ውርጭና የሌሊት ጩኸት አያስደነግጧትም።

የመጣሁበትን ጉዳይ ያን ማታ አነሣሁት። ስለ ልጁ፣ ስለ እህቴ ድካም፣ ስለ ትኬት ዋጋ ሁሉ ደረደርኩ። ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ብርዱ አይደለም» አለች በመጨረሻ። «ቀን ሰው የለም። እሱ ሥራ፣ እሷ ሥራ። ልጁ እንኳ በእንግሊዝኛ ነው የሚያልመው። እነዚህ ግን ማታ ማታ ይመጣሉ። ቡና ጠጡ ባልላቸውም ይመጣሉ።»

ምን ይመለሳል? በዝግጅት የሄድኩበት ንግግር ሁሉ እዚያ መስኮት ሥር ቀረ።

ገና አምስት ቀን ሲቀረው ከቀትር በኋላ በረዶ መውረድ ጀመረ፤ ማታ ላይ ንፋስ ተጨመረበት። አማቻችን ከሥራ የሚወጣው ምሽት 1 ሰዓት ላይ ነው። መነሣቱን ደውሎ ነገረን። 2 ሰዓት አለፈ። 3 ሰዓት አለፈ። ስልኩ አይነሣም፤ ቆይቶም ጭራሽ ጠፋ። እህቴ በየአምስት ደቂቃው ወደ በሩ ትሄዳለች፣ ከፍታ ታያለች፣ ንፋሱ በረዶ እየጫነ ያስገባል፣ መልሳ ትዘጋለች። ልጁን እኔ አስተኛሁት። እማዬ መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀምጣለች። ያን ማታ ሳፋው ሞልቶ ነበር፤ ግን ወደ መስኮቱ የዞረ ሰው አልነበረም።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ሲሆን ደረጃው ላይ እግር ሲራገፍ ሰማን። ቅንድቡ ነጭ ሆኖ፣ ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውት ገባ። ጓንቱን ያወለቀችለት እህቴ ናት። ጫፉ ላይ የነጣ ጣቱን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ሲከትት ጥርሱን ነከሰ።

ለመድረስ ትንሽ ሲቀረው፣ ወደ ቤቱ የሚታጠፈው መንገድ አፍ ላይ፣ አጋዘኖች አስፋልቱን ሲሻገሩ ድንገት ፊቱ ተደቀኑ። ፍሬን ሲረግጥ መኪናው ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገባ። ስልኩ በብርዱ ባትሪው አልቆ ጠፋበት። መንገዱ የት እንዳለ ስለማይታይ በዛፎቹ መስመር እየተመራ፣ እስከ ጉልበቱ እየሰመጠ ነው የመጣው። 300 ሜትር ብቻ ነው፤ ለእሱ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀበት።

«ስንት ነበሩ?» አለችው እማዬ።

«አምስት። ወደ እኛ ግቢ ነበር የሚመጡት።»

ሳያስበው ነው ያለው። እማዬ ሻይ እየቀዳችለት ነበር፤ እጇ ቆመ። ብርጭቆውን አስቀመጠችና ማንንም ሳታይ ወደ ክፍሏ ገባች።

በማግሥቱ ሰማዩ ጥርት አለ። ጎረቤት ያሉት ሽማግሌ ትራክተራቸውን ይዘው መጥተው መኪናውን ከቦዩ ጎትተው አወጡት። ቡና ልንጋብዛቸው ስናስገባቸው ሳፋውን አዩት። ትንሽ አመነቱ፤ ከዚያ በትሕትና አስረዱን። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

አጋዘን በክረምት የሚኖረው በቅርንጫፍና በቡቃያ ነው። ሆዱ ውስጥ ያሉት ምግብ የሚፈጩ ረቂቅ ሕዋሳት ለዚያ የተዘጋጁ ናቸው። ድንገት በቆሎና ዳቦ ሲሞላበት ሆዱ በአሲድ ይመረዛል፤ ጠግቦ ሳለ ሊሞት ይችላል። በዚያ ላይ አንድ ሳፋ ላይ አፍ ለአፍ ሲገጥሙ በሽታ ይተላለፋል። በሚኒሶታ አእምሯቸውን እየጎዳ አክስቶ የሚገድል በሽታ ገብቷል፤ በዚህ ምክንያት በአንዳንድ ወረዳዎች አጋዘን መመገብ በሕግ ተከልክሏል። ደግሞም ምግብ ያለበትን ቤት ከለመዱ አስፋልቱን መሻገር ያበዛሉ።

በሙያዬ ስናገር፣ እማዬ የሠራችው እኛ ነፃ ናሙና የምንለውን ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ቦታ ስጥ፤ ደንበኛው ራሱ ይመጣል። እኛ መምጣቱን ብቻ ነው የምንቆጥረው።

የሆዱን ነገር ስተረጉምላት ግን ገና ሳልጨርስ አቋረጠችኝ። «ሽምብራ ውስጥ እንደገባ በሬ በይኛ!» አለች። «ነፍቶ እንደሚሞተው! የሚያመሰኳ ሆድ መሆኑን እያየሁ እንዴት ሳላስበው ቀረሁ?» በእንግዳ ፊት አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካከለችና ወጥታ ሳፋውን ራሷ አነሣችው። የተደፋውን በቆሎ በአካፋ ከነበረዶው ዛቀችው። ስትመለስ፣ «እንግዲህ ጓሳ ተዘጋ» አለች።

ሽማግሌው ምን እንዳለች ጠየቁኝ። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ለዓመታት ዘግቶ እንደሚያቆይ፣ እስኪከፈት ድረስ ማንም እንዳያጭድበት፣ ከብትም እንዳይገባበት ቃል ገብቶ እንደሚጠብቀው፣ ይህም ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የቆየ ሥርዓት መሆኑን ለመናገር ሞከርኩ። በእንግሊዝኛ አልሆነልኝም። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁና ሦስት ስኒ ቡና ጠጡ።

ያን ማታ መብራት አጥፍተን ተቀመጥን። መጡ። ባልቴቷ ሳፋው የነበረበትን ቦታ አሸተተች፣ በፊት እግሯ በረዶውን ጫረች፣ ቀና ብላ ወደ መስኮቱ አየች። እማዬ እንዳትነሣ ይመስል ሁለት እጆቿን ጭኗ ሥር አድርጋ ነበር። ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ከዚያ ጎረምሳው ዞረና ጫካው ጫፍ ላይ ካለው ጥድ መሰል ዛፍ ቅርንጫፍ ይቀነጥብ ጀመር፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ለሦስት ማታ እንዲሁ ሆነ። በአራተኛው ሁለቱ ብቻ መጡ። የገና ዕለት ማታ ማንም አልመጣም።

እማዬ ፊቷን ወደ ጠዋቱ አዞረች። መስኮቱ ሥር የምትመጣ ጥቁር ቆብ ያደረገች የምትመስል ወፍ አለች፤ ክብደቷ ከ10 እስከ 14 ግራም ብቻ ነው። ሌሊት ኃይል ለመቆጠብ የሰውነቷን ሙቀት በ10 ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርጋ ታድራለች፤ ሲነጋ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትዘፍናለች። ለዚች የሱፍ ፍሬ መስጠት እንደሚቻል ሽማግሌው ነግረዋት፣ ዛፍ ላይ የሚሰቀል መጋቢያም አምጥተውላታል። አንድ ጠዋት ቀይ ቀበሮ በረዶው ላይ ቆማ ጆሮዋን አዘንብላ ስታዳምጥ አየን። ከበረዶው በታች የሚርመሰመሱትን አይጦች ትሰማለች። ድንገት ወደ ላይ ዘላ በአፍንጫዋ ተተከለች፤ ጭራዋ ብቻ ቀረ። እማዬ እስክታነባ ሳቀች። ከመጣሁ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ማየቴ ነበር።

የምመለስበት ዕለት ሻንጣዬን ስዘጋ እሷው ጉዳዩን አነሣችው። «ትኬቱን አሁን አትቁረጡ» አለች። «ጎረምሳው ቀንዱን ሲያበቅል ልይ።»

ሚያዝያ ላይ ፎቶ ላከችልኝ። በረዶው ሲቀልጥ ከጫካው ጫፍ አንድ የወደቀ ቀንድ አግኝታለች፤ አይጥ ጫፉን ቆርጥሞታል። ረከቦቱ አጠገብ፣ ከጀበናው ጎን አስቀምጣዋለች። ሽማግሌው እሑድ እሑድ ቡና ለመጠጣት እንደሚመጡ፣ «ቶና» ማለትም እንደለመዱ ጽፋለች። ከሥሩ ደግሞ፣ «ያኛው ቀንድ አልተገኘም፤ እየፈለግን ነው» ይላል።