የጉዱማሌ ሞተሮች

በእኛ ቤት ሞተር ማለት ያማሃ ነበር። አባቴ የግብርና ባለሙያ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ የተሰጠችው ያማሃ ኤጂ 100 በረንዳችን ላይ ታድራለች፤ ጠዋት በእግሩ መትቶ ሲያስነሳት የምትተፋው ሰማያዊ ጭስ እስከ ጓዳ ይገባል። እናቴ መስኮቱን እየዘጋች ታጉረመርማለች። እኔ ግን ያንን የተቃጠለ ዘይት ሽታ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ኤጂ ለገጠር ታስባ የተሠራች ሞተር ናት። ሰንሰለቷ በሽፋን ውስጥ ስለሚዞር የቦርቻ አቧራም የአለታ ወንዶ ጭቃም አይነካውም። ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አላት። መቆሚያዋ እንደሌሎቹ በግራ በኩል ብቻ ሳይሆን በቀኝም ስላለ፣ ተዳፋት ላይ በፈለጉት ጎን ያቆሟታል። እሑድ እሑድ አባቴ ካንዴላዋን ፈትቶ ጥቀርሻውን በሽቦ ብሩሽ ይፈገፍጋል፤ ከዚያ ጫፉን ወደ ብርሃን አዙሮ በአንድ ዓይኑ እያየ ክፍተቱን ይለካል። እኔ መፍቻ አቀባይ ነበርኩ። ሲጨርስ «ያማሃ እኮ ከተያዘች አትሞትም» ይላል፤ እኔም ትምህርት ቤት ሄጄ ይህንኑ እደግማለሁ።

ሌሎቹን ሞተሮች በቅርብ ያየሁት በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው በጉዱማሌ ሜዳ ነው። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፊቼ ጫምባላላ ሰሞን፣ ከየወረዳው የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። አያንቶዎቹ ከዋክብትን ተመልክተው ቀኑን ካስታወቁ በኋላ ሽማግሌዎቹ ቄጣላ እየጨፈሩ ወደ ሐይቁ ዳር ሜዳ ይገባሉ፤ «አይዴ ጫምባላላ» የማይባባል ሰው የለም። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ብዙ ሰው ስለ ጭፈራውና ቡርሳሜ ስለሚባለው ምግብ አወራ። እኔ በልጅነቴ ከሁሉም በፊት የምሮጠው በዛፍ ጥላ ሥር ወደተደረደሩት ሞተሮች ነበር። የወባ መከላከያው፣ የእንስሳት ሐኪሙ፣ መምህሩ፣ የቡና ነጋዴው፣ የሁሉም ሞተር እዚያ ይቆማል።

የወባ መከላከያው ሠራተኛ የአባቴ ወዳጅ ነው፤ የሚነዳው ሆንዳ ኤክስኤል 125 ነው። ሁለቱ በተገናኙ ቁጥር ክርክሩ አይቀርም።

«ያንተማ የልብስ ስፌት መኪና ናት፤ መነሳቷን እንኳ ጆሮ ካልጣሉ አይለዩትም» ይለዋል አባቴ።

«አንተ ጭስ ካላየህ የሄድክ አይመስልህም። እስቲ ቤንዚኑን እናስላ!»

በዚያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር በኋላ ገብቶኛል። በኤጂ ሞተር ውስጥ ፒስተኑ አንድ ጊዜ ወጥቶ በወረደ ቁጥር ቤንዚኑ ይቀጣጠላል፤ ለዚህ ነው ትንሽ ሆና የምትፈጥነውና የምትጮኸው፤ ዘይትም ከቤንዚኑ ጋር አብራ ታቃጥላለች። በሆንዳዋ ግን ፒስተኑ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ሲወርድ አንዴ ብቻ ነው እሳቱ። ቤንዚን ትቆጥባለች፣ ድምጿ ዝግ ያለ ነው፣ ከታች ጀምራም አጥብቃ ትስባለች። ሁለቱም ሰዎች ልክ ነበሩ።

አንድ ዓመት በዓሉ ሊበተን ሲል የወባው ሰው ቁልፉን ለአባቴ ወረወረለት። አባቴ ፊቱን ወደ ሐይቁ አድርጎ ፍሪሲዮኑን ያዘ፣ ማርሽ አስገባ፣ በሣሩ ዳር ዳር ሄደና ከዓይናችን ተሰወረ። ሲመለስ ሞተሯን አላጠፋትም። አጎንብሶ ነዳጅ መስጫውን በጥቂቱ ከፈት፣ ዘጋ፣ ከፈት፣ ዘጋ እያደረገ ሲያዳምጣት ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ «የሐገረ ሰላምን ዳገት ይህቺ ናት የምትችለው» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ሞተር ሲነሳ ከስሙ በፊት ድምፁን ማዳመጥ ጀመርኩ። አባቴ ያማሃን መውደዱን አልተወም፤ እኔም አልተውኩም። ግን ፍቅሩ ሰፋ።

ትልቅ ሰው ሆኜ ስለ ፋብሪካዎቹ ሳነብ በጣም ደስ ያለኝ የሃማማትሱ ነገር ነው። ቶራኩሱ ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1887 ኦርጋን የጠገነው በዚች የጃፓን ከተማ ነው፤ ድርጅቱ ሙዚቃ መሣሪያ ሲሠራ ኖሮ የመጀመሪያ ሞተሩን ያወጣው በ1955 ነው። በዓርማው ላይ ያሉት ሦስት ሹካ መሳይ ምልክቶች የድምፅ መቃኛ ብረቶች ናቸው። ሱዙኪ በ1909 እዚያው የሽመና መሣሪያ በመሥራት ጀመረ። ሆንዳም በ1948 የተመሠረተው በዚያችው ከተማ ነው። ጉዱማሌ ላይ አባቴና ወዳጁ አንገት ለአንገት የሚተናነቁባቸው ሞተሮች የአንድ አገር ልጆች ኖረዋል! የያማሃ የመጀመሪያዋ ሞተር ደግሞ የጀርመኑን ዲካቬ 125 አስመስላ የተሠራች ናት። በአንድ ብራንድ ስም መማል የማይሆንልኝ ከዚህ የተነሣም ጭምር ነው፤ ማንኛውም ጥሩ ሞተር ከሌላው የተማረ ነው።

ወደ ጉዱማሌው ሰልፍ ልመለስ። የእንስሳት ሐኪሙ ሱዙኪ ቲኤፍ 125 የአባቴን ኤጂ ትመስላለች፤ ከኋላዋ የክትባት በረዶ ሣጥን በጎማ ገመድ ታስሮ ስለሚመጣ ልጆች አይስክሬም ነው ብለን እንከባት ነበር።

የመምህሩ ቬስፓ ግን ከሁሉም የተለየች ነች። እግር አንሥቶ መፈናጠጥ የለባትም፤ ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ ይቀመጡባታል። ሞተሩ በቆርቆሮ ስለተሸፈነ መምህሩ ነጭ ሱሪ ለብሰው መጥተው ነጭ ሱሪ ለብሰው ይመለሳሉ። የነደፋት ጣሊያናዊው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ ሞተር ሳይክል አይወድም ነበር ይባላል። እኔ ይህን ሰው አከብረዋለሁ። የማይወደውን ነገር ሁሉ አስወግዶ እ.ኤ.አ. በ1946 ቬስፓን ሠራ። የፊት ጎማዋ እንደ አውሮፕላን እግር በአንድ በኩል ብቻ ስለተያዘ ጎሚስታ ሳይቸገር ይፈታዋል። ማርሿ በግራ እጅ የሚጠመዘዝ ነው። «ጋሼ፣ ላዙረው?» ስላቸው መምህሩ ቆማ ሳለች ያስጠመዝዙኛል፤ ቀጭ፣ ቀጭ ስትል ዛሬም ይሰማኛል። የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የፒያጆን ቬስፓ በፈቃድ ይሠራ ነበር። ሐዋሳን ያጥለቀለቋት ባለሦስት እግር ባጃጆች ሹፌሮችም ማርሻቸውን በግራ እጅ ሲጠመዝዙ፣ የመምህሩን ቬስፓ አያለሁ።

ከዚያ የዚሁ የባጃጅ ኩባንያ ሞተር ሳይክል፣ ቦክሰር፣ መጣ። የጃፓን ሞተር የለመዱ ትልልቆች «የህንድ ዕቃ» ብለው ናቁት። የገጠሩ ወጣት ግን አልናቀውም፤ ዋጋው ይቀመሳል፣ ቤንዚን አይጠጣም፣ መለዋወጫው በትንሽ ከተማም ይገኛል፣ ወንበሩም ረጅም ነው። ነፍሰ ጡር ከጤና ጣቢያ፣ ወተት ከገበያ፣ ተማሪ ከፈተና ያደረሰ ሞተር እንዴት ይናቃል? ውበት ከታንከር ቀለም ብቻ የሚመጣ አይመስለኝም። ከይርጋለም ማዶ አንድ ቦክሰር ላይ ተፈናጥጬ በዝናብ ስሄድ፣ ነጂው ልጅ በጭቃው ውስጥ ሁለት እግሮቹን ዘርግቶ በአንደኛ ማርሽ ሲያወጣን፣ ከልቤ አደነቅኩት፤ እሱንም ሞተሩንም።

ዘንድሮም ጉዱማሌ ከመግባቴ በፊት በሞተሮቹ ሰልፍ በኩል ዞርኩ። አንድ ልጅ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ሞተር ይዞ መጥቷል። ካንዴላ የላትም፣ ማርሚታ የላትም፣ ፍሪሲዮን የላትም። አስነሳት ስለው «ተነሥታለች እኮ ጋሼ» አለኝ። ስለ ባትሪው፣ ስለ ቻርጁ፣ ዝናብ ላይ ስለ መንዳቱ ብዙ ጠየቅሁት፤ በትዕግሥት መለሰልኝ። ሁለት ሰው ጭና ዳገት ትወጣ እንደሆነ ግን በወሬ አልተስማማንም። ከበዓሉ በኋላ ቅዳሜ ጠዋት በታቦር ተራራ በኩል ልንሞክራት ተቀጣጥረናል።