ወረታ ላይ ሙቀጫ ሲገዙ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ቤተሰብ ወረታን የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ሐሙሲትን አልፈው የጉማራን ድልድይ ይሻገራሉ፤ የፎገራ ሜዳ በግራም በቀኝም ይዘረጋል፤ ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከተማዋ ትመጣለች። ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው እዚህ ይታጠፋል፣ ሌላው ወደ ጎንደር ይቀጥላል። በሚቀጥለው ጉዞዎ ግን፣ በተለይ ልጆች ይዘው ከሆነ፣ የገበያ ቀኗን ጠይቀው ይውረዱና የእንጨት ዕቃ ወደሚሸጥበት ጥግ ይዝለቁ።

ጌጥ ፍለጋ ከሄዱ ያዝናሉ። አበባ የተቀረጸበት ነገር አያገኙም። ሙቀጫ ከነዘነዘናው፣ ገበቴ፣ በርጩማ፣ ሞፈርና ቀንበር፣ የአውድማ መንሽና ላይዳ ነው የሚያዩት። ቀንበሩን ያንሱት። የበሬው ማጅራት ላይ የሚያርፈውን ቦታ በመዳፍዎ ይዳብሱት፤ ከሌላው ይልቅ ለስላሳ ነው። ሸካራ ከሆነ በሬው ይላጣል፤ ዋልካው አፈር ውሃ ጠጥቶ በከበደበት ሰሞን የተላጠ በሬ መጥመድ ደግሞ ግፍ ነው። የጠራቢው ጥበብ ያለው እዚያ፣ ዓይን በማያየው የቀንበር ሆድ ላይ ነው።

ሙቀጫውም እንዲሁ ነው። ከአንድ ግንድ ይፈለፈላል፤ ብዙ ጊዜ ከዋንዛ፣ ምክንያቱም ዋንዛ ለመሮ ይታዘዛል። ዘነዘናው ግን ከባድና ጠንካራ እንጨት ይፈልጋል፤ ወይራ ከተገኘ እሰየው። መቀመጫው ሰፋ የሚለው ሲወቅጡበት እንዳይወድቅ፣ ሆዱ ወደ ታች የሚጠበው እህሉ በዘነዘናው ሥር እንዲሰበሰብ ነው። (ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ የሚለውን ተረት ለልጆችዎ እዚህ ይንገሯቸው። ጣና ዳር እምቦጭ ሲባል ግን መጀመሪያ የሚታሰበው ሐይቁን የወረረው አረም ነው።)

ሙቀጫ በፎገራ ሌላም ታሪክ አለው። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው የሚተኙበት ይህ ሜዳ በከብቱ ነበር የሚታወቀው። በደርግ ዘመን ሩዝ መጣ፤ ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ጅግና ከተባለው የአካባቢው ቀበሌ ነው። መፈልፈያ ማሽን ሳይስፋፋ በፊት የሩዙን ገለባ የማላቀቁ ሥራ በሴቶች ክንድና በዚሁ በሙቀጫ ነበር። ከሩቅ የመጣው እህል አዲስ ዕቃ አላስፈለገውም። ዛሬ ሩዙን የወረታ መፈልፈያዎች ወስደውታል፤ ገበቴውን ደግሞ የፕላስቲክ ሳፋ እየተካው ነው።

በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በሰሎሞን ደሴቶች፣ በዛጎል የተለበጡ የእንጨት የግብዣ ገበታዎች አሉ። በፓፑዋ ኒው ጊኒ የሴፒክ ወንዝ ሰዎች የሚጠርቡት የእንጨት ትራስም እንደኛው አገር ትራስ ራስ የሚያርፍበት ነው። ዛሬ ብዙዎቹ በአውሮፓ ሙዚየሞች መስታወት ውስጥ ናቸው። የኛዎቹን አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትኖሎጂ ሙዚየም ማየት ይችላሉ፤ ልጆችዎን ይውሰዷቸው። እኔ የምፈራው ግን መስታወቱን አይደለም፤ የሳሎናችንን መደርደሪያ ነው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ገዢ የሚከፍልበትን ነገር አምራች እንደሚያበዛ በየቀኑ አያለሁ። ለጌጥ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለቅርጹ ነው። በስጦታ ዕቃ መሸጫዎች ቫርኒሽ የተቀቡ፣ ቡና ቢወቀጥባቸው የሚሰነጠቁ ትንንሽ ሙቀጫዎች የበዙት ለዚህ ይመስለኛል። የቀንበሩን ሆድ ማለስለስ የሚያውቅ እጅ እንዲህ ያለውን ሲያመርት ቢውል ልጁን ምን ያስተምረዋል?

ስለዚህ ሊወቅጡበት ይግዙ። ውስጡን በብርሃን አይተው ስንጥቅ ይፈልጉ። ዘነዘናውን ቆመው ይሞክሩት፤ ወገብዎን የሚያጎብጥዎት ከሆነ ረዘም ያለ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። የቡናውንና የበርበሬውን ለየብቻ ይያዙ። ቤት ሲደርሱ ፀሐይ ላይ አያስጡት፣ በጥላ ይድረቅ። ዋጋ ሲከራከሩም ከአንድ ግንድ ስንት ሙቀጫ እንደሚወጣ አስቀድመው ሻጩን ይጠይቁት። የመኪናውን ኮፈን ደግሞ በሻንጣ አይሙሉት፤ ትልቁ ሙቀጫ ቦታ ይፈልጋል።